ከመፍታት በፊት መለካት
የትራክተር ሞተር ቴስታታ ከታደሰ በኋላ በቫልቭ ላይ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)







በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ቀረበው ማዳበሪያ፣ ስለ ተሸጠው ምርትና ስለ ተከፈለው የትርፍ ድርሻ መነገሩ የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። የዚህ ንግግር ርዕስ ግን ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ይመስላል። ርዕሱ የ1 ሚሊ ሜትር ሲሦ የማትሞላ ክፍተት ናት። ክፍተቷ በትራክተር ሞተር ውስጥ፣ በቫልቩና ቫልቩን በሚጫነው ክንድ መካከል ትገኛለች። ትንሽ ብትሆንም በአባላት መዋጮ የተገዛን ትራክተር በእርሻ ወቅት መሐል ልታቆም፣ ሰውንም ከሰው ልታጋጭ ትችላለች። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ከአንድ ታሪክ መነሣት ይጠቅማል።

1. ትራክተሩ የቆመበት ቀን

ነገሩ የሆነው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ ነው። የማኅበሩን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ብዙ ማኅበራት ታሪኩ የራሳቸው ሊመስላቸው ይችላልና። በዚህ አካባቢ ያለው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። ግንቦት ላይ መሬቱ ገና ደረቅ ሳለ ትራክተር ገብቶ ካላረሰው፣ ክረምቱ ከጠና በኋላ ጎማ አይሸከምም። ስለዚህ ለእርሻው ያለው ጊዜ አጭር ነው።

ማኅበሩ ያለው ትራክተር አንድ ማሴይ ፈርጉሰን 240 ሲሆን ሞተሩ ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ ናፍጣ ነው። በመጋቢት ወር ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቆ የቴስታታው ጋስኬት ተቃጠለ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ገንዘብ አጸደቀ። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ተላከ፤ ፊቱ ተላገ፣ የቫልቭ መቀመጫዎቹ ተስተካከሉ፣ ቫልቮቹ ተሞረዱ። በግንቦት መጀመሪያ ትራክተሩ ተገጣጥሞ ተነሣ። አባላት ተራ ያዙ። ከተራው መጀመሪያ ላይ የተመዘገቡት በሬ የሌላቸው እማወራ አርሶ አደሮች ነበሩ፤ ጠቅላላ ጉባኤው ለእነርሱ ቅድሚያ እንዲሰጥ ወስኖ ነበርና።

ትራክተሩ 2 ቀን ያለ ችግር ሠራ። በ3ኛው ቀን ጠዋት እንደ ወትሮው በአንድ ቁልፍ ተነሣ። አንድ ሰዓት ያህል እንዳረሰ ግን ጉልበቱ እየደከመ መጣ፤ ከማርሚታውም «ቱፍ፣ ቱፍ» የሚል ያልተለመደ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ኦፕሬተሩ ማርሽ ቀንሶ ጥቂት ከሞከረ በኋላ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። «እስኪበርድ ጠብቀህ ቀጥል» ቢባልም አልቀጥልም አለ።

በዚያው ቀን ማታ ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። አንዳንዱ «ይህን ያህል ብር ፈሶበት እንዴት በ3 ቀን ይቆማል? ያበላሸው እሱ ነው» አለ። ሌላው ጥፋቱን በመካኒኩ ላይ አደረገ። ተራቸው የደረሰ አባላት ሰማዩን እያዩ «ዝናቡ ሊገባ ነው» ይሉ ነበር። በመጨረሻም ሁለት ሐሳቦች ቀረቡ። አንደኛው ቴስታታው እንደገና ተፈትቶ ሌላ ጋስኬት እንዲገዛ፣ ሁለተኛው ኦፕሬተሩ ከሥራ ታግዶ ወጪው ከደመወዙ እንዲቆረጥ ነበር። ውሳኔው ለማግሥቱ ተቀጠረ።

ማግሥቱ የሆነው ወደ ኋላ ይነገራል። ከዚያ በፊት የሞተሩን አሠራር በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል።

2. ቫልቭ ምን ይሠራል?

የናፍጣ ሞተር ሻማ የለውም። ናፍጣው የሚቀጣጠለው ሲሊንደር ውስጥ የገባው አየር በፒስተኑ ሲታመቅ በሚፈጥረው ሙቀት ነው። አየሩ ከ16 እስከ 20 እጥፍ ሲታመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ይህ የሚሆነው ግን ሲሊንደሩ በደንብ ሲታፈን ብቻ ነው። በትንሽ ቀዳዳ እንኳ አየር ካመለጠ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ናፍጣውም በሚገባ አይቀጣጠልም።

በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ያሉት ቫልቮች እንደ በር ናቸው። ማስገቢያው ንጹሕ አየር ያስገባል፣ ማስወጫው የተቃጠለውን ጭስ ያስወጣል። ሞተሩ በደቂቃ 1,800 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በደቂቃ 900 ጊዜ ይከፈታል፣ 900 ጊዜም ይዘጋል። በ8 ሰዓት የእርሻ ቀን ይህ 432,000 ጊዜ ማለት ነው።

ማስወጫው ቫልቭ በእሳት መካከል የሚሠራ ነው። የተቀበለውን ሙቀት በዋናነት የሚያስተላልፈው በሚዘጋበት ቅጽበት ከመቀመጫው ጋር ሲነካካ ነው፤ ከመቀመጫው ሙቀቱ ወደ ቴስታታውና ወደ ራዲያተሩ ውኃ ይሄዳል። ስለዚህ ቫልቩ በደንብ ካልተዘጋ ሁለት ጉዳት በአንድ ጊዜ ይደርስበታል፤ እሳቱ በጠርዙ በኩል እየሾለከ ይልሰዋል፣ ሙቀቱንም የሚያራግፍበት ቦታ ያጣል። «ቫልቭ ተቃጠለ» የሚባለው ይህ ነው።

ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ዘንግ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የቫልቩ ዘንግ ሲሞቅ የሚረዝምበት ቦታ እንዲያገኝ በቫልቩ ጫፍና በሚጫነው ክንድ መካከል ክፍተት ይተዋል። ከላይ ለተጠቀሰው ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ ክፍተቱ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ 0.30፣ ሲሞቅ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። የሌላ ሞተር ልክ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ምንጊዜም የሞተሩን መመሪያ መመልከት ይገባል።

ክፍተቱ ከሰፋ ሞተሩ «ቴክ ቴክ» እያለ ይጮኻል፣ ቫልቩም ዘግይቶ ይከፈታል፤ ጉዳት ቢኖረውም ቶሎ ይሰማል። ክፍተቱ ከጠበበ ግን ሞተሩ አይጮኽም፤ እንዲያውም ጸጥ ይላል። ቫልቩ ሲሞቅ ይረዝምና ከመቀመጫው ሳይደርስ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ የቫልቭ ጸጥታ ሁልጊዜ የጤና ምልክት አይደለም።

3. ቴስታታ ሲታደስ ምን ይለወጣል?

ብዙ ሰው ቴስታታ ታድሶ ከተመለሰ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ሆኗል ብሎ ያስባል። ይሁን እንጂ እድሳቱ ራሱ ልኮችን ይለውጣል።

ሀ) የቫልቩ መቀመጫ ሲቆረጥና ቫልቩ ሲሞረድ፣ ቫልቩ ወደ ቴስታታው ውስጥ ጠልቆ ይቀመጣል። የዘንጉ ጫፍ በላይ በኩል ከፍ ስለሚል ክፍተቱ ይጠባል። ቫልቩ ከልኩ በላይ ከጠለቀም የእመቃው ቦታ ስለሚሰፋ ሞተሩ በብርድ ለመነሣት ያስቸግራል።

ለ) የቴስታታው ፊት ሲላግ፣ ቴስታታው ከነክንዶቹ ወደ ታች ይወርዳል። ከሥር የሚገፉት ዘንጎች ርዝመት ግን አይለወጥም። በዚህም ምክንያት ክፍተቱ እንደገና ይጠባል። ቫልቮቹም ወደ ፒስተኑ ይቀርባሉ። በናፍጣ ሞተር ፒስተኑ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ በጣም ጠባብ ስለሆነ፣ ከተፈቀደው በላይ የተላገ ቴስታታ ቫልቭን ከፒስተን ሊያጋጭ ይችላል።

ሐ) አዲስ ጋስኬት በመጀመሪያው ሙቀት ይታመቃል። ብሎኖቹ ይላላሉ። ብዙ አምራቾች ሞተሩ አንዴ ከሞቀ በኋላ፣ ቀጥሎም ከ25 እስከ 50 ባሉት የመጀመሪያ የሥራ ሰዓታት ውስጥ የቴስታታ ብሎኖች እንደገና እንዲጠብቁ ያዛሉ። ብሎን በጠበቀ ቁጥር ደግሞ የቫልቭ ክፍተት ይቀንሳል። ስለሆነም «ብሎን አጥብቅ» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ «ከዚያ የቫልቩን ክፍተት እንደገና ለካ» የሚለው ነው። አንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ዳግም መጥበቅ የሌለባቸው ብሎኖች ስላሏቸው እዚህም ላይ መመሪያው ይቀድማል።

4. ምልክቱን ከመንስኤው ጋር ማዛመድ

ከእድሳት በኋላ ችግር ሲታይ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቁልፍ ሳይሆን ጆሮና ዓይን ነው። የሚከተሉት ምልክቶች ቢጠኑ ይጠቅማሉ።

• ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በደንብ ይነሣል፣ ሲሞቅ ጉልበት ያጣል፤ ከማርሚታው «ቱፍ» ይላል። ክፍተቱ የጠበበ ማስወጫ ቫልቭ መጀመሪያ ይጠረጠራል።

• ሞተሩ በአየር ማጣሪያው በኩል ወደ ኋላ ይተነፍሳል። ማስገቢያው ቫልቭ አይዘጋም ማለት ነው።

• አንድ ወጥ የሆነ «ቴክ ቴክ» ይሰማል። ክፍተቱ ሰፍቷል፣ ማስተካከያው ዳዶ ላልቷል ወይም ገፊው ዘንግ ጎብጧል። ጋስኬቱ ተገልብጦ ገብቶ የዘይት ቀዳዳ ከደፈነም ክንዶቹ ዘይት አጥተው ይጮኻሉ፤ ስለዚህ የላይኛው ክዳን ተከፍቶ ዘይት መድረሱ ይታይ።

• ከባድ የብረት ምት ይሰማል። ቫልቭ ከፒስተን ጋር እየተጋጨ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩ ወዲያውኑ ይጥፋ። «ትንሽ ልሞክረው» ማለት ፒስተንና ቴስታታ ሊያስከፍል ይችላል።

• ሰማያዊ ጭስ፣ በተለይ ሞተሩ ያለ ሥራ ቆይቶ ነዳጅ ሲሰጠው ይታያል። በቫልቩ ዘንግና ዘንጉ በሚሮጥበት ቱቦ መካከል ዘይት እየወረደ ነው።

• ነጭ ጭስ ይወጣል፣ የራዲያተር ውኃም ይጎድላል፣ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይታያል። ይህ ከቫልቭ ይልቅ የጋስኬት ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ምልክት ነው።

ለማስታወስ እንዲመች የታመቀ አየር የሚያመልጥባቸው አራት በሮች አሉ ማለት ይቻላል። በማርሚታ ካመለጠ ማስወጫ ቫልቭ፣ በአየር ማጣሪያ ካመለጠ ማስገቢያ ቫልቭ፣ በራዲያተር ካመለጠ ጋስኬት፣ በዘይት መሙያው በኩል ካመለጠ የፒስተን ቀለበት ነው። በየትኛው በር እንደሚያመልጥ የለየ ባለሙያ ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

5. ደካማውን ሲሊንደር መለየት

ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ሳለ ወደ አንዱ ኢንጀክተር የሚሄደው የናፍጣ ቱቦ ዳዶ በጥቂቱ ይላላል። ለዚያ ሲሊንደር ናፍጣ ስለሚቋረጥ፣ ጤነኛ ሲሊንደር ከሆነ የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል፣ ሞተሩም ይንገጫገጫል። ድምፁ ካልተለወጠ ግን ያ ሲሊንደር ከመጀመሪያውም እየሠራ አልነበረም። ዳዶው ጠብቆ ቀጣዩ በተራው ይፈተናል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከኢንጀክተር መስመር የሚወጣ ናፍጣ ከፍተኛ ግፊት ስላለው ቆዳን በስቶ ሊገባ ይችላል። እጅን ከሚረጨው ናፍጣ ፊት ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ዳዶውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ መነጽር አድርጎ፣ ከሞቀው ማስወጫ ቱቦ ርቆ መሥራት ያስፈልጋል። ናፍጣ ቆዳ ውስጥ ከገባ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሰውየው በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

6. ክፍተቱ እንዴት ይለካል?

ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚፈለጉት ቁልፍ፣ ጠመንጃ መፍቻ እና ውፍረታቸው የተጻፈባቸው ስስ ብረቶች ያሉት የክፍተት መለኪያ ናቸው። 0.30 ሚሊ ሜትር የ3 ቅጠል የቢሮ ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። ይህ የተባለው መጠኑ በዓይነ ኅሊና እንዲታይ እንጂ በወረቀት እንዲለካ አይደለም፤ ወረቀት በብረት ሲጫኑት ይሳሳልና።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

(1) ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ ከዚያ የላይኛው ክዳን ይከፈታል።

(2) ሞተሩ በድንገት እንዳይነሣ የናፍጣ መዝጊያው ይሳባል፤ የባትሪው ገመድ ይለያል።

(3) የሚለካው ሲሊንደር ፒስተን በእመቃ ጊዜው ላይ ወደ ላይ እስኪደርስ ሞተሩ በእጅ ይዞራል። በዚህ ቦታ የዚያ ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች የተዘጉ ናቸው።

(4) መለኪያው በቫልቩ ጫፍና በክንዱ መካከል ይገባል። በቀላሉ ካለፈ ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ ጨርሶ ካልገባ ጠባብ ነው። ትክክለኛው በመጠኑ እየተያዘ ሲያልፍ ነው።

(5) የመቆለፊያው ዳዶ ላልቶ ልኩ ይስተካከላል። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ሲጠብቅ ልኩ ሊለወጥ ይችላልና።

(6) ለእያንዳንዱ ቫልቭ የተገኘው የመጀመሪያ ልክና የተስተካከለው ልክ በመዝገብ ይጻፋል።

የመጨረሻው ተራ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ነገር ግን አንድ ቫልቭ በየጊዜው ክፍተቱ እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ፣ ቫልቩ ወይም መቀመጫው እየተበላ መሆኑን የሚናገረው መዝገቡ ብቻ ነው።

7. ያ ቀን እንዴት ተፈጸመ?

አሁን ወደ ፎገራው ትራክተር እንመለስ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት፣ ከተቆጣጣሪ ኮሚቴው አባላት አንዱ በጡረታ የተገለሉ አንጋፋ መካኒክ ይዘው መጡ። አዛውንቱ ቁልፍ ከማንሣታቸው በፊት ኦፕሬተሩን አስጠሩት።

«ልጄ፣ ጠዋት ሲነሣ እንዴት ነው?»

«ጠዋትማ ደኅና ነው ጋሼ። የሚደክመው ሲሞቅ ነው።»

«ቴስታታውን ከገጠማችሁት ወዲህ የነካው ሰው አለ?»

ኦፕሬተሩ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም በመጀመሪያው ቀን ማታ ብሎኖቹን ራሱ እንዳጠበቀ ተናገረ። «መካኒኩ አንድ ቀን ከሠራህ በኋላ አጥብቅ ብሎኝ ነው» አለ። ይህን ሲሰሙ ከኮሚቴው መካከል «ይኸው! እሱ ነው ያበላሸው!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አዛውንቱ እጃቸውን አንሥተው «ቆዩ፤ ማጥበቁ ደግ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቫልቩን ለካህ?» ሲሉ ጠየቁ።

«እሱን ማንም አልነገረኝም።»

ሞተሩ ተነሥቶ እንዲሞቅ ተደረገ። የናፍጣ ቱቦዎቹ ዳዶ በየተራ ላላ። በ1ኛውና በ3ኛው ሲሊንደር የሞተሩ ድምፅ ወረደ፤ በ2ኛው ግን ምንም ለውጥ አልታየም። ሞተሩ ጠፋ። እስኪቀዘቅዝ ድረስ የኮሚቴው አባላት በጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ክዳኑ ተከፍቶ ሲለካ በ2ኛው ሲሊንደር ማስወጫ ቫልቭ ላይ የመለኪያው ስስ ብረት እንኳ አልገባም። የቀሩት 5 ቫልቮችም ክፍተታቸው ከልክ በታች ነበር።

ነገሩ ሲጣራ መካኒኩ በግጠማው ጊዜ መለኪያ አጥቶ ክፍተቱን በእጁ ስሜት እንደገመተ ታወቀ። በዚያ ላይ ቴስታታው የተላገ ነበር። በዚያ ላይ ብሎኖቹ ጠበቁ። ሦስቱም ክፍተቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ገፉት፤ ልኩን ማንም ስላላየው በ3ኛው ቀን ቫልቩ መዝጋት አቃተው።

6ቱም ቫልቮች በ0.30 ሚሊ ሜትር ተስተካከሉ። ትራክተሩ ተነሣ፣ ሞቀ፣ ማረሻ ተጭኖበት አንድ ሰዓት ሠራ፤ ጉልበቱም አልቀነሰም። ሙቅ እንዳለ እንደገና ተለካ። ጋስኬት አልተገዛም፤ ቴስታታም አልወረደም። ከሰዓት በኋላ ተራቸው የደረሰው እናት መሬት መታረስ ጀመረ።

አዛውንቱ ከመሄዳቸው በፊት ለሊቀ መንበሩ አንድ ነገር ተናገሩ። «ይህ ልጅ ትናንት ባያጠፋው ኖሮ ቫልቩ ይቃጠል ነበር። ያን ጊዜ ክረምቱ በሙሉ ያመልጣችሁ ነበር። የምትቀጡት ሞተሩን ያዳነላችሁን ሰው ነው» አሉ። ለስብሰባው የተያዘው አጀንዳ ተለወጠ፤ ስለ ቅጣት መነጋገሩ ቀርቶ ማኅበሩ የራሱ የክፍተት መለኪያ እንዲገዛ ተወሰነ።

8. ለሥራ አመራርና ለተቆጣጣሪ ኮሚቴዎች

በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009፣ የማኅበር ንብረት በአባላት ስም የሚመራ ንብረት ነው። ስለዚህ ጥገናን መረከብ ገንዘብን ከመረከብ ተለይቶ መታየት የለበትም። የታደሰ ሞተር ሲመጣ ኮሚቴው የሚከተሉትን ጥያቄዎች ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ቢይዝ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

1) ሞተሩ መጀመሪያ ለምን ሞቀ? የራዲያተሩ መደፈን፣ የቺንጋው መላላት ወይም የውኃ ፓምፑ ድክመት ሳይስተካከል ቴስታታ ብቻ ቢታደስ ችግሩ ይመለሳል።

2) የቴስታታው ፊት ምን ያህል ተላገ? ቫልቮቹስ ምን ያህል ጠለቁ? ሁለቱም ከሞተሩ መመሪያ ጋር ይነጻጸሩ።

3) ቫልቮቹ ከመገጠማቸው በፊት ለመዝጋታቸው ተፈትሸዋል? ቴስታታው ከሞተሩ ላይ ሳይገጠም፣ በአየር ማስገቢያውና በጭስ ማስወጫው ቀዳዳ በኩል ናፍጣ ፈስሶ ጥቂት ጊዜ ይጠበቃል። በቫልቩ ዙሪያ የሚያንጠባጥብ ካለ ይመለስ። ይህን ለማየት ማንኛውም የኮሚቴ አባል በቂ ነው።

4) ብሎኖቹ በቶርክ ቁልፍ፣ ከመካከል ወደ ዳር፣ በደረጃ ጠብቀዋል?

5) የእያንዳንዱ ቫልቭ ክፍተት ስንት ሆኖ ተለካ? በሙቅ ነው ወይስ በቀዝቃዛ?

6) ዳግም የማጥበቅና ዳግም የመለካት ሥራ በስንተኛው የሥራ ሰዓት ይደረጋል? ማን ያደርገዋል?

ለመካኒኩ ከሚከፈለው ገንዘብ የተወሰነው ዳግም ማጥበቁና ዳግም መለካቱ እስኪፈጸም ቢያዝ፣ ሥራው ሳያልቅ አለቀ የሚባልበት አጋጣሚ ይቀንሳል። ይህ በውሉ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የቶርክ ቁልፍ መግዛት ላይችል ይችላል። ዩኒየኑ ግን አንድ ገዝቶ በውሰት ቢያዞር የሁሉም ችግር ይቃለላል። የክፍተት መለኪያ ግን ርካሽ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ትራክተር ጋር መኖር ይችላል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ለኦፕሬተሮች ሥልጠና ሲያዘጋጁ ከመንዳት በተጨማሪ መለካትንና መመዝገብን ቢያካትቱ መልካም ነው።

ለኦፕሬተሮችም አንድ መልእክት አለ። ሞተር ያልተለመደ ድምፅ ሲያሰማ ማቆም ስንፍና አይደለም። ኮሚቴውም የቆመበትን ሰዓት፣ የታየውን ምልክትና ሞተሩ ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ መሆኑን የጻፈን ኦፕሬተር ሊያመሰግነው ይገባል። እየተቀጣ የሚሠራ ሰው ድምፁን ይሰማል፣ ነገር ግን አያቆምም፤ ብሎን ማጥበቁንም ይደብቃል። ያን ጊዜ መካኒክ ቢመጣም የሚነግረው አያገኝም።

መደምደሚያ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። የታደሰ ሞተር ሲታመም ሥሩ የሚገኘው በመለካት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለውም፣ ሳይለኩ ቴስታታ መፍታት አዲስ ጋስኬትን ማባከን፣ ጊዜን ማቃጠል፣ ጤነኛውንም ክፍል ለጉዳት ማጋለጥ ነው። ሳያጣሩ በሰው ላይ መፍረድም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በፎገራው ማኅበር የትራክተሩ መዝገብ ላይ ዛሬ 6 ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ፤ ለ6ቱ ቫልቮች አንድ አንድ። ከሥራቸው ቀኑ፣ የሥራ ሰዓቱና የኦፕሬተሩ ፊርማ አለ። ያው ሊታገድ የነበረው ኦፕሬተር ነው። ከየማኅበሩ የመጣችሁ አባላት ወደ ቀያችሁ ስትመለሱ የትራክተራችሁን መዝገብ ከፍታችሁ እነዚያን ቁጥሮች ፈልጉ። ከሌሉ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው፤ ግንቦትም ሳይደርስ።